ጭራሮ ያመጣችልኝ ጠርሙስ

መስከረም 14

ለቁንጫዬ፣ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ፈጣሪ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ አለቃና ከሚያንሸራትት ደረጃ ይጠብቅሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ሙሉ ጤነኛ ነኝ። ጉልበቴ እንደሆነ የራሱን ኑሮ ነው የሚኖረው፣ እኔን አይሰማም።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ስልክ የምትደውልልኝ የልጅ ልጄ ጭራሮ ናት፣ መልእክት ሲመጣም የምታነብልኝ እሷው ናት። ዛሬ የማወራው ደግሞ ስለ እሷ ነው፤ ፊቷ ላይ ካመሰገንኳት ትኩራራብኛለች። ስለዚህ በማታ ትምህርት የቆጠርኳትን ፊደል አቧራዋን አራግፌ ተቀመጥኩ። ስህተቱን እየዘለልሽ አንብቢ።

አባቷ፣ ልጄ ሹፌሩ፣ እንደምታውቂው፣ በሦስት ሳምንት አንዴ የጭነት መኪናውን አቁሞ ፊቱን ያሳየናል። ቤቱን የያዝነው እኔና የልጅ ልጄ ነን። እኔም የፀጉር ዘይቴ ገበያ አገኘልኝ። የጉሎ ዘይት ከጥብስ ቅጠልና ከቅርንፉድ ጋር አፍልቼ፣ በነጠላ ጨርቅ አጥልዬ ነው የምሸጠው። ችግሬ ጠርሙስ ነበር። ነጭ ጠርሙስ ብርሃን ያስገባና የዘይቱን ሽታ ይለውጠዋል፤ ቡናማ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ቀን ጭራሮ ከቦርሳዋ ሁለት ትንንሽ ቡናማ ጠርሙስ ስታወጣ አየኋት። ወረቀታቸው ተልጧል።

«ከየት አመጣሽልኝ?» ብላት፣

«ከክፍል ልጆች ነው። ሳል ይዟቸው መድኃኒቱን ጨርሰውት» አለች።

አገላብጬ ሳምኳት። በሳምንቱ ስድስት አመጣች። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ እዩልኝ አልኩ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አያቷን የምታስብ ስንት ልጅ አለች?

ጥናቱ ብቻ አደከማት። የመልቀቂያ ፈተናው ዘንድሮ ነው፤ ምግብ ላይ ቁጭ ብላ እንኳ ዐይኗ ክድን ይልባታል።

ላስቸግርሽና፣ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ላኪልኝ፤ አበባ ያለበት። ደብዳቤው ላይ ያለው ቅባት የጣቴ ነው፤ እንደ ሰላምታ ቁጠሪው።

አክስትሽ

•

ጥቅምት 3

ውድ አክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎ ልብ ይግዛ፣ ዘይትዎ ይሸጥ፣ ቤትዎ ሰላም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ በሰው አገር ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያ ቤት በላይ ስለሆነች ብርድ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ እቆማለሁ፣ ስገባ እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እከታለሁ፤ ኑሮዬ ይኸው ነው።

የአበባውን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ መቶ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ጠርሙሶቹ ውስጥ ምን ነበረ? ከአንድ ክፍል ይህን ያህል ልጅ የሚያስለው ከሆነ ትምህርት ቤቱ እስካሁን ይዘጋ ነበር። ወረቀቱ ያልተላጠ ጠርሙስ ካገኙ፣ ሳያጥቡት የተጻፈበትን ይገልብጡልኝ። ለጭራሮ አይንገሯት። የሥራዬ ጠባይ ሆኖብኝ ነው፣ ጠርሙስ ሳይ ማንበብ እወዳለሁ።

ቁንጫዎ

•

ጥቅምት 22

ቁንጫዬ፣ ዘመንሽ ይባረክ፣ ባንኮኒሽ ወርቅ ይሁንልሽ።

አበባዎቹ ሲያምሩ! ዘይቴን የውጭ አገር ዕቃ አስመሰሉት። ጎረቤቶቼ «አንቺ፣ አሁንማ ፋብሪካ ሆነሻል» ይሉኛል። ጥግ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ልጁን ሊድር ነው፤ ለሚዜዎቹና ለእንግዶቹ የሚሰጥ አርባ ጠርሙስ አዘዘኝ። አርባ! ጭራሮን «ልጄ፣ በተቻለሽ ፍጥነት አምጪልኝ» አልኳት። ምን አለፋሽ፣ እያመጣችልኝ ነው፤ ሃያ ሁለት ደርሰናል።

ስለ ወረቀቱ የጠየቅሽኝ። ሁሌም ልጣ ነው የምታመጣው፣ ጠንቃቃ ናት። ባለፈው አንዱ ላይ ግን ቁራጭ ቀርታ አገኘሁ። የፈረንጅ ፊደል ነው፤ አላውቀውም፣ እንዳየሁት ልንገርሽ። መጀመሪያ ግማሽ ቀለበት አለ። ቀጥሎ ሙሉ ቀለበት። ከዚያ ሆዱ የተነፋ ሰው። ከዚያ ሦስት ጥርስ ያላት ማበጠሪያ። ከዚያ ምሰሶ። ከዚያ በሰያፍ እንጨት የተያያዙ ሁለት ምሰሶዎች። መጨረሻ ላይ ያቺው ማበጠሪያ ተመልሳ መጣች። ለፀጉር ዘይት ሁለት ማበጠሪያ መልካም ምልክት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ውስጡን በጣቴ ቀመስኩት፤ ከረሜላ ነው የሚለው።

ልጅቷ ደህና ናት። ትንሽ ሰውነቷን ያሳክካታል፤ ሳሙናውን ቀየርኩላት። በስልክ ስታወራ ደግሞ «ትራስ አለ? ስንት ትራስ አገኛችሁ?» ስትል ሰማኋት። የእንቅልፏ ነገር እንደዚያ ስለሆነ አንጀቴን በላችው፤ የራሴን ትራስ ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት። ክፍል ውስጥ ስታወጣው ልጆቹ በሳቅ ሞቱ አሉ። ምኑ ያስቃል? የዘንድሮ ልጆች በትራስ ይስቃሉ።

ተጨማሪ አበባ ብትልኪልኝ አልጠላም።

አክስትሽ

•

ኅዳር 5

አክስቴ፤

ሰላምታዬን ላሳጥረው፣ ይቅር ይበሉኝ። ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝቼ በእጁ ልኬዋለሁ። ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ሁለተኛዋ ማበጠሪያ ላይ ስደርስ ቃሉን አወቅሁት። ያ ጽሑፍ «ኮዴይን» ነው የሚለው። ለሳል በሚሰጥ ሽሮፕ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ነው። በሐኪም ትእዛዝ፣ በማንኪያ ሲወሰድ ሳል ያስታግሣል። ልጆች ግን ጠርሙሱን ሙሉ የሚጠጡት ለመደንዘዝ ነው። እንቅልፉ፣ ማሳከኩ፣ ምግብ ላይ ዐይን መከደኑ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሲደጋገም ሰውነት ያለ እሱ አልውልም ይላል።

እዚህ ያሉት ልጆች ሐምራዊ ይሉታል፣ ጭቃ ይሉታል፣ ዘንበል ይሉታል። እዚያ ምን እንደሚሉት አላውቅም። ምናልባት «ትራስ» ያሉት እሱን ይሆናል።

አይጩኹባት። በር አይዝጉባት። ጠርሙስ አምጪ አይበሏት። ሲጠሯት ካልነቃች፣ ትንፋሿ ከዘገየ ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ፣ አንድም ደቂቃ ሳይቆዩ ሐኪም ቤት ያሩጧት። ከመጠጥ ወይም ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ከሆነ ይገድላል።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ቁንጫዎ

•

ኅዳር 29

ቁንጫ፤

ሦስት ሳምንት ያዘገየሁት ተናድጄ ነው። ደብዳቤሽን ቀድጄ ጣልኩት። በማግስቱ ከቅርጫቱ ለቅሜ በአበባ ወረቀትሽ ለጣጠፍኩት። ከዚያ ሰደብኩሽ። ከዚያ አነበብኩሽ። እኔ ቤት? እኔ ጓዳ? ዐይኔ እያየ? እያልኩ ሰነበትኩ።

በመጨረሻ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጓሮ ቁጭ ብለን ጠርሙስ ስናጥብ፣ የጻፍሽልኝን የስም ዝርዝር ከመቀነቴ አወጣሁ፣ መነጽሬን አደረግሁ።

«ጭራሮ፣ ዛሬ ጭቃ የለም እንዴ?»

«ኧረ አያቴ፣ በዚህ ፀሐይ ጭቃ ከየት ይመጣል?»

«እሺ ሐምራዊስ?»

«የምን ሐምራዊ? ክር ልግዛልሽ?»

«ዘንበልስ አላልሽም ይኼን ሰሞን?»

«ወገብሽን ነው እንዴ ያመመሽ?» አለችና ከት ብላ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት መሰለሽ! እኔም ሳቄ መጣ። እንዲያው ልተወው፣ ቁንጫ ተሳስታለች፣ አልኩ በሆዴ። ግን አፌ መቼ ያርፋል።

«እሺ፣ ትራስስ?»

ውኃው ውስጥ ያለው እጇ ቆመ። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ።

«ማነው የነገረሽ?»

«ማበጠሪያዋ ናት» አልኳት፤ ሌላ ምን ልበል።

ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሳትጮህ፣ «አንቺ ነሽ እኮ አምጪ ያልሽኝ» አለች። «የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልጥላቸው ነበር ያወጣኋቸው። አየሽብኝ። አለቀልኝ ብዬ ስጠብቅ ሳምሽኝ። ጎረቤት ጠርተሽ አመሰገንሽኝ። ከዚያ ወዲህ መጥፎ ነገር የምሠራ አይመስለኝም ነበር። አርባ ስትይኝ ደግሞ፣ ሳልፈልገው እንኳ ስንት ቀረ እያልኩ እጠጣ ነበር።»

የሳሙናው ውኃ እስኪቀዘቅዝ ሁለታችንም እጃችንን አላወጣንም።

«አንድ ቀን ልተው ብዬ ሞክሬ ነበር፤ አጥንቴን ሰው የሚሰብረው መሰለኝ» አለችኝ። ለአባቷ እንዳልናገር ለመነችኝ። እሺም እንቢም አላልኩ።

ሠላሳ አንድ የሞላ ጠርሙስ ጓዳ ውስጥ ተደርድሯል፤ ሁሉም አበባ አለበት። አበባ እንዳትልኪ። ምን እንደማደርግ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ባይሆን ምን እንዳጠፋሁ ላኪልኝ።

አክስትሽ

•

ታኅሣሥ 13

ውድ አክስቴ፤

ፈጣሪ ያጽናዎት። እግርዎ ሥር ቁጭ ብዬ ብነግርዎት ደስ ባለኝ።

እርስዎ ያላወቁትን ነገር ነው ያመሰገኑት። እኔ ግን አውቅ ነበር። ባለፈው ደብዳቤዬ ያላልኩት ነገር አለ። እዚህ ባንኮኒ ላይ፣ አንድ ኮፍያውን ዐይኑ ድረስ የሚደፋ ልጅ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። የሐኪም ወረቀት አለው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ ግን በየሳምንቱ ቅርጹ ይለያያል። ሳል አለበት ብዬ ራሴን አሳመንኩና ሸጥኩለት። አንድ ቀን መምጣቱን አቆመ። ምን እንደሆነ አላውቅም። የማበጠሪያዋን ደብዳቤ ያነበብኩ ቀን እሱ ነው ፊቴ የመጣው።

ስለዚህ እርስዎን የምወቅስበት አፍ የለኝም።

ጭራሮ ተናግራለች፤ ትልቁ ነገር እሱ ነው። አጥንቴን ሰበረኝ ያለችው እውነቷን ነው፤ ብቻዋን እንድታቆም አያስገድዷት። ክሊኒክ ይውሰዷት፣ ቀስ እያሉ የሚያስተዋት ባለሙያ አለ። ለአባቷም ይንገሩት፤ ግን መጀመሪያ ልነግረው ነው ብለው ለእሷ ይንገሯት።

ዘይቱ ምንም አላጠፋም። ዕቃውን ይቀይሩለት።

ቁንጫዎ

•

ጥር 9

ቁንጫዬ፣ የሚሰማ አለቃና የማያሳምም ጫማ ይስጥሽ።

እንዳልሽው መጀመሪያ ለእሷ ነገርኳት። ሁለት ቀን ዘጋችኝ። በሦስተኛው «እሺ፣ ግን እኔ በሌለሁበት» አለች። ሹፌሩ ሲመጣ ቤት እንዳይገባ መንገድ ላይ ጠብቄ፣ በዚህ ጉልበቴ ጋቢናው ላይ ወጣሁልሽ። አንድ እግሬ ወጥቶ አንዱ ሲቀር እንደ ዕቃ ጎትቶ ነው ያስገባኝ። ነገርኩት። መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ መኪናውን እየነዳ ይመስል ፊት ለፊት ያያል። ይደበድባታል ብዬ ምላሴን ስዬ ተቀምጫለሁ።

«እናቴ፣» አለኝ፣ «እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ብዬ እኔ በዚህ መንገድ ላይ የዋጥኩትን ኪኒን ብታውቂ።» ሌላ አልጨመረም። በማግስቱ በዚያው መኪና ክሊኒክ ወሰደን። አንዲት ጭራሮ ልትታከም ሃያ ሁለት ጎማ! ዘበኛው «ሲሚንቶ አላዘዝንም» ብሎ በሩን ሊዘጋብን ነበር።

ነርሷ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። እኔም አዋቂ መስዬ ዝርዝርሽን አነበብኩላት፤ ጭቃ፣ ሐምራዊ፣ ዘንበል፣ ትራስ። ፈገግ አለችና፣ «እማማ፣ ትራስማ አረጀ። አሁን በሌላ ስም ነው የሚጠሩት፤ እርስዎ እስኪለምዱት ደግሞ ይቀይሩታል። ከስሙ ይልቅ ልጅቷን ይዩአት» አለችኝ። ዝርዝሩን ቀድጄ ጣልኩት። እንዲህ ጸጥ የሚያሰኘኝ ሰው ድሮም እፈልግ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሆድ ቁርጠት። ሹፌሩ ጭነቱን ለሌላ ሰጥቶ አጠገቧ ዋለ። ቤት መዋል አያውቅበትምና ያገኘውን ሁሉ ይጠግናል፤ ደህናውን በር ፈታብኝ።

ሠላሳ አንዱን ጠርሙስ ማሰሮ ውስጥ ገለበጥኩ። ልብስ ሰፊውን «ዕቃ ይዛችሁ ኑ፣ ዘይቱን ከማሰሮ ነው የምቀዳው» አልኩት። ሚዜዎቹ የጃም ጠርሙስ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ አንዷማ የሕፃን ጡጦ ይዛ መጣች።

ከዚያ ልጆቹ ሽሮፑን የሚገዙበት የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ሰውዬ ጋ ሄድኩ።

«እኔ የሸጥኩት ለሳል ነው» አለኝ።

«የእኛ ሰፈር ልጅ ሁሉ ሳል ይዞት እንዴት እኔ አልሰማሁም? ጆሮዬ እኮ ደህና ነው።»

«አንቺ ማን ነሽና ነው የምትጠይቂኝ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ጎረቤትህ ነኝ» አልኩትና ወንበሬንና ማሰሮዬን በሩ ላይ አስቀመጥኩ። ኮረዳና ጎረምሳ በመጣ ቁጥር «ና እስኪ የኔ ልጅ፣ ሳልህን አሰማኝ» እላለሁ። ሁለቱ ሮጡ፤ አንዱ የእውነት አስሎት ምራቁን ተፋብኝ፤ እሱን መርቄ አስገባሁት። በአራተኛው ቀን ሰውዬው «ያለ ሐኪም ወረቀት አልሸጥም፣ በፈጠረሽ ከበሬ ላይ ተነሺልኝ» አለ። ተነሣሁ። ሽታው ግን ይናፍቀዋል፤ ሚስቱ ዘይት ልትቀዳ መጥታለች።

አንድ ነገር አልደብቅሽም። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ወደቀች። ከጓደኛዋ ተቀብላ ጠጣች። ግን ዐይኗ ቀልቶ መጥታ እግሬ ሥር ቁጭ አለችና «ጠጣሁ» አለችኝ። ጠርሙሱን አላመጣችልኝም። እኔም አልሳምኳት፣ አልሰደብኳትም፤ እጇን ይዤ ወደ ነርሷ ሄድን።

የምትልኪው ነገር የለም። ጻፊልኝ ብቻ።

አክስትሽ

•

ጥር 30

ውድ አክስቴ፤

ሳቅዎ አይጥፋ፣ ወንበርዎ አይሰበር።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ላይ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ፣ አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች። ወደቀች ያሉኝን ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህስ?

እኔም ወንበር ባይኖረኝ ከእርስዎ ተምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ፊርማው አላማረኝም። አልሸጥኩላትም፣ አላባረርኳትምም። «ቁጭ በዪ፣ እስኪ እናውራ» አልኳት። ጥላኝ ሄደች። ትናንት ግን ተመልሳ ክሊኒኩ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። በር ድረስ ሸኘኋት።

ዘይቱ ለእኔ አይደርሰኝም እንዴ? ፀጉሬ ተነቅሎ ማለቁ ነው።

ቁንጫዎ

•

መጋቢት 8

ለቁንጫዬ፤

ዕድሜሽ ይርዘም፣ ፀጉርሽም አብሮ ይርዘምልሽ።

ጉድ ልንገርሽ። ጭራሮ ሳል ያዛት። የእውነቱ ሳል! ደረቷን ይዛ ግድግዳ እስኪነቀነቅ አሳለች። በሰው ሳል እንዲህ የተደሰተ ሰው አይተሽ አታውቂም። «ድገሚው እስኪ» አልኳት። «አያቴ፣ እየሞትኩ ነው እኮ» አለች። «አትሞቺም፣ ሳል ነው!» እያልኩ ሻሽ ጠመጠምኩላት።

ከዚያ ፈራሁ። ማርና ትኩስ ውኃ ሰጠኋት፣ አልተዋት አለ። ተያይዘን ነርሷ ጋ ሄድን። መረመረቻትና ሽሮፕ አዘዘች። እኔ ከወንበሬ ብድግ ስል «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ይሄኛው ያ ነገር የለበትም» አለችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ማበጠሪያ ፈለግሁ። ማበጠሪያስ ነበረች፤ ግን ሆዱ የተነፋው ሰውዬ አጠገቧ የለም። አሁን ማንበብ ጀምሬያለሁ ማለት ነው።

ጠርሙሱን መቀነቴ ውስጥ ቋጥሬ ያዝኩት። ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ። በሁለተኛው ቀን ጉልበቴ ታመመና ቀድማኝ ተነሣች። ከእንቅልፌ ስነቃ ማንኪያውን ይዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። መቀነቱ እዚያው ትራሴ አጠገብ ነው፤ አልነካችውም።

«ለምን አልቀዳሽም?»

«አንቺ ቅጂልኝ። ገና በራሴ አላመንኩም» አለች።

ቀዳሁላት። ግማሹን አንሶላው ላይ ደፋሁት። «የታመምኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» ብላ ሳቀች፣ ከሳቁ ሳሉ ተነሣ፣ ሁለታችንም አንሶላውን ይዘን ቀረን።

ሳሉ በሰባት ቀን ለቀቃት። ክሊኒክ በሳምንት አንዴ መሄዱ አልቀረም፤ ነርሷ ገና መንገድ አለ ትላለች። ፈተናው ሦስት ወር ቀርቶታል። ምግብ ላይ ዐይኗን ገልጣ ትበላለች፣ የእኔንም ድርሻ ጭምር። ጭራሮ ማለቱን ሳልተወው አልቀርም፤ ጉንጭ አወጣች።

ባዶዋን ጠርሙስ ልጥላት ስል ከእጄ ተቀበለችኝ። ወረቀቷን ልጣ፣ በሙቅ ውኃ ሦስት ጊዜ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ ደፋቻት። ወደ እኔ ዘረጋችና፣ «ይቺኛዋን ስለ ሳል ነው የጨረስኳት። ዘይት ሙዪባት» አለች።

ሞላኋት። ያንቺ አበባ አንድ ተርፎ ነበር፤ ለጠፈችበትና በእጇ «ለፀጉር ብቻ» ብላ ጻፈችበት። የሹፌሩ ጓደኛ ወደ አየር ማረፊያ የሚጭነው ዕቃ አለ፤ በእሱ ትደርስሻለች። በቡናማ ጠርሙስ ከዚህ ቤት የሚወጣ ዘይት እሷ የመጨረሻዋ ናት፤ አታባክኛት።

ይኼን ደብዳቤ ደግሞ ተደብቄ አልጻፍኩትም። እኔ እየተናገርኩ ጽሑፉን የያዘችው እሷ ናት። ስህተት የሌለበት ለዚያ ነው። እዚህ ጋ ስንደርስ እስክሪብቶውን አቁማ «ስለ እኔ ይኼን ሁሉ ልጽፍ ነው?» አለች። «ጻፊ» አልኳት። «ጎበዝ ናት በዪ። ከምንም በላይ ኮራሁባት በዪ። አስምሪበት።»

ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ትኩራራብኝ፤ አሁን አልፈራም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቅባት የሁለታችን ነው።

አክስትሽ